ለሰርግ የተቀባ ቀይ፦ በፀጉር ቤቴ የገጠመኝ አንድ ጉዳይ

ፀጉር መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፀጉሩ የተበጣጠሰበት፣ ቀለም አልይዝ ያለው፣ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) የለበለበው ብዙ ሰው አይቻለሁ። ዓይኗ እስኪጨፈን ድረስ ፊቷ ያበጠባት ደንበኛ ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷንም የቀባኋት እኔው ነበርኩ።

ጉዳዩን የምጽፈው በልጅቷ ፈቃድ ነው። «ስሜን ብቻ አትጥሪ፣ ሌላውን ሁሉ ንገሪያቸው» ብላኛለች። ስለዚህ የማንንም ስም አላነሳም። የቀለሙንም ስም አልጠራም፤ በዚያ ቀን ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የእኔ ነበርና።

ዳራው

ደንበኛዬ ያኔ 27 ዓመቷ ነበር። ዱባይ 4 ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ጥር ውስጥ የታላቅ እህቷ ሰርግ ነበር፤ እሷ አንደኛ ሚዜ ናት። ሚዜዎቹ የሚለብሱት ቦርዶ (ጠቆር ያለ ቀይ) ቀሚስ ስለነበር ፀጉሯም ከቀሚሱ ጋር እንዲሄድላት ቀይ ልትቀባው ፈለገች። ሰርጉ እሁድ ነው። እኔ ጋ የመጣችው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር።

የጥርን ሰሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ፀጉር ቤት ውስጥ መቆሚያ ቦታ አይገኝም። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብዬ ምሳ አልበላሁም።

ፀጉሯ ጥቁርና ብዛት ያለው ነው። ከ5 ቀን በፊት ሌላ ቦታ ሪላክሰር ተቀብታለች። ከጆሮዋ በስተኋላ ሪላክሰሩ የለበለባት ሁለት ትንንሽ ቁስል ነበራት፤ ቅርፊት ይዟል። አየሁት። «ደርቋል፣ ችግር የለውም» አልኩ።

እየተቀመጠች ሳለ ደግሞ አንድ ነገር ነገረችኝ። «እትዬ፣ ዱባይ እያለሁ ለበዓል ጥቁር ሂና እጄ ላይ ተስዬ፣ በጣም አሳክኮኝ ነበር። እዪው፣ ቦታው እስካሁን አልጠፋም» ብላ አንጓዋን አሳየችኝ። የአበባው ቅርጽ ጠቆር ብሎ ቆዳዋ ላይ ቀርቷል።

እኔም «አይዞሽ፣ ይሄ እኮ ሂና አይደለም» ብዬ መለስኩላት።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ስህተት ይህ መልስ ነው። ልጅቷ የሚያስፈልገኝን መረጃ በሙሉ በራሷ አፍ ሰጥታኛለች፤ እኔ ግን እንደ ጨዋታ ሰማሁት። ለምን እንደዚያ እንደሰማሁት በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ ቤት እናቴም አያቴም እጅና እግራቸውን በእንሶስላ ያቀሉ ነበር። ሥሩን ቀጥቅጠው፣ በቅጠል አስረው ያድራሉ፤ ጠዋት እጃቸው ቀይ ነው። ማንም ታሞ አላየሁም። ሂና ሲባልም አእምሮዬ የሚያመጣልኝ ያንኑ ነው። ጥቁር ሂና የሚባለው ሌላ ነገር መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት የሠራነው

ከፊት ያሉትን ዘለላዎች እንዲደምቁ ብዬ በብሊች (የፀጉርን ቀለም በሚያነጣ ነገር) ሜሽ ሠራሁላት፤ ዘለላ ዘለላውን መርጬ አነጣሁት ማለት ነው። ቀሪውን ፀጉር ከሥሩ ጀምሮ ቦርዶ ቀባሁት። በእኛ ቋንቋ ኦክስጅን የምንለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ 20 የሚባለው 6 በመቶ፣ 30 የሚባለው 9 በመቶ፣ 40 የሚባለው 12 በመቶ ነው። ለሜሹ 30 ተጠቀምኩ፣ ለቀለሙ 20።

የቀለሙ ካርቶን ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይላል። እኔ 45 ደቂቃ አቆየሁት፤ ከዚያ ውስጥ 15ቱን ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋ የፀጉር ማሞቂያ) ውስጥ ነበረች። ቀይ ቀለም ከሁሉም ቀድሞ የሚለቅ ስለሆነ በደንብ ይያዝ ብዬ ነው። በመሀል «ያቃጥለኛል» ብላለች። ረዳቴ «ትንሽ ነው፣ ታገሺው» አለቻት። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ታጥቦ ሲደርቅ ያማረ ቀለም ወጣለት። ፎቶ ተነስታ፣ ስማን ሄደች።

ችግሩ

ማሳከክ የጀመራት ሐሙስ ማታ ነው። ዓርብ ጠዋት የጆሮዋ ጫፍና የፀጉሯ ዳርቻ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ። ዓርብ ከሰዓት ግንባሯ አበጠ። ማታ ላይ የአንገቷ ንፍፊት ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ስትነሳ ሁለቱም ዓይኖቿ አይገለጡም፤ ከራሷ ቆዳ የሚወርደው ፈሳሽ ትራሱን አርሶታል።

እናቷ የደወሉልኝ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሰላምታ አልነበረም። «ልጄን ምን ቀባሻት?» አሉኝ።

በቤት የተሞከረው

ወደ ሐኪም ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ተኩል ሙሉ በቤት ብዙ ነገር ተሞክሯል። ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ቅቤ ተቀባች። እናት ለልጇ ራስ የምታውቀው መድኃኒት ቅቤ ነው፤ አልፈርድም። ነገር ግን ውኃ የቋጠረ ቁስል ላይ የተቀባው ቅቤ ጭራሽ አዘፈዘፈው። ቀጥሎ ጎረቤት ሎሚ አመጣች። ይህ የከፋው ነበር፤ ልጅቷ ጮኸች።

ዓርብ ከሰዓት ከመድኃኒት ቤት የአለርጂ ክኒን ተገዛላት። ክኒኑ አስተኛት እንጂ እብጠቱን አላቆመውም። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳን፣ እነዚያ ክኒኖች የሚሠሩት እንደ ሽፍታና ማስነጠስ ላሉት ሂስታሚን ለሚያመጣቸው ነገሮች ነው። የቀለም አለርጂ ግን የሚመጣው በሌላ መንገድ፣ በነጭ የደም ሴሎች ዘመቻ ነው። ማሳከኩን ትንሽ ሊያስታግስ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።

አንዲት ጓደኛዋ ደግሞ ፊት ለማቅላት የሚሸጥ ቱቦ ክሬም ይዛ መጣች። ደግነቱ እናቷ ከለከሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ራሷን አልታጠበችም። ቀይ ቀለም በውኃ ቶሎ ይለቃል ስለተባለች፣ እስከ እሁድ ድረስ ውኃ እንዳይነካው ብላ ጠብቃዋለች። ያን ምክር የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከእኔ ቤት ስትወጣ «ቢያንስ 3 ቀን እንዳትታጠቢ» ብያታለሁ።

ከቅዳሜ በኋላ

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ፣ የቀለሙን ካርቶንና ቱቦ በፌስታል ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ካርቶኑ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ስለነበር አገኘሁት። ሌላ ሳምንት ቢሆን ተጥሎ ነበር። መጀመሪያ ራሷን ለብ ባለ ውኃና በልጆች ሻምፑ ደጋግመን አጠብናት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ቆዳዋን አልነበረም። ትንፋሽ ያጥርሽ እንደሆነ፣ ምላስሽና ጉሮሮሽ ያበጠ እንደሆነ ብሎ ጠየቃት፤ አፏን ከፍቶ አየ። ያ ቢኖር ኖሮ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንልካት ነበር፣ ደቂቃም አይጠበቅም አለን። አልነበረባትም። ቀጥሎ ካርቶኑን ተቀብሎ ጀርባውን አነበበና አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፓራፌኒሊንዳያሚን። በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል።

«ከዚህ በፊት ጥቁር ሂና ተስለሽ ታውቂያለሽ?» አላት። ክፍሉ ውስጥ ዝም ተባባልን። አንጓዋን ዘረጋችለት።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን አዘዘላት፤ በየጥቂት ቀኑ መጠኑን እየቀነሰች ለሳምንታት የምትወስደው ነው። ለቆዳዋ የስቴሮይድ ቅባት፣ ለሚፈሰው ደግሞ በጨው ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን 3 ጊዜ እንድታደርግ ነገራት። ቁስሉ ማመርቀዝ ጀምሮ ስለነበር አንቲባዮቲክም ጨመረላት።

ቤተሰቡ ፀጉሯን ላጭተው ሊገላግሏት አስበው ነበር። ሐኪሙ አያስፈልግም አለ። ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ቀለም ሆኖ ያለቀው ፒፒዲ ተለውጧል፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ገና ያልተለወጠው፣ በደንብ ሳይታጠብ ቆዳ ላይ የቀረው ነው። ይህን ሳልሰማ ብቀር ኖሮ እኔው ራሴ ምላጭ አነሳ ነበር።

እሁድ ሰርጉ ተደረገ። የአክስቷ ልጅ በእሷ ቦታ ሚዜ ሆነች። እሷ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሸፍና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከሰርጉ ፎቶዎች ውስጥ ያለችበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጎን የተነሳ።

ማገርሸቱ

ማክሰኞ ላይ እብጠቱ ጎደለ። ዓይኗ ተገለጠ። በዚህ ጊዜ ክኒኑን አቆመችው። «ያወፍራል» የሚል ሰምታለች፤ ደግሞም የዳነች መሰላት። ከቅዳሜ ጀምሮ የወሰደችው ለ4 ቀን ብቻ ነበር።

ዓርብ ላይ ተመለሰባት። ያውም ከበፊቱ ሰፍቶ፣ አንገቷና ደረቷ ድረስ ወርዶ። ሐኪሙ አልተገረመም። ይህ ዓይነቱ አለርጂ በተፈጥሮው 2 እና 3 ሳምንት የሚቆይ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ከቆመ ያገረሻል አለ። እንደገና ጀመረች። በድምሩ 3 ሳምንት ያህል ወስዳ፣ እየቀነሰች ጨረሰች። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ፀጉሯ ግን አልተረፈም። በሁለተኛው ሳምንት ከፊት ያለው ሜሽ በማበጠሪያ ብቻ መበጠስ ጀመረ። ይሄኛው ከአለርጂው ጋር አይገናኝም። ሪላክሰር የፀጉሩን ውስጣዊ ማያያዣ ይሰብራል። በ5 ቀኑ በላዩ ላይ 30 ኦክስጅን ያለው ብሊች ሲጨመርበት የሚሸከምበት አቅም የለውም። አጭር አድርጌ ቆረጥኩላት። እያለቀሰች ነው የተቆረጠችው። እኔም አብሬያት አልቅሻለሁ።

ለምን ሆነ?

ከዚያ ሳምንት በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ሐኪሙም ደግ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢሮው ሄጄ ጠይቄዋለሁ።

ፒፒዲ ራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ከኦክስጅን ጋር ሲቀላቀል ይለወጥና ፀጉሩ ውስጥ ትልልቅ ባለ ቀለም ቅንጣቶች ይሠራል፤ ገብተው ስለሚያድጉ በቀላሉ ታጥበው አይወጡም። ቋሚ ቀለም ቋሚ የሚሆነው በዚህ ነው። ለውጡ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ቆዳ ላይ ያረፈውን የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ሊያየው ይችላል።

ነገሩን ተንኮለኛ የሚያደርገው የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ነው። ሰውነት መጀመሪያ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ ምንም አይልም፤ ይመዘግበዋል እንጂ። ምዝገባው የዕድሜ ልክ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያገኘው ይዘምትበታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ። «ለ10 ዓመት ተቀብቼ ምንም ሆኜ አላውቅም» የምትለዋ ደንበኛ እውነቷን ነው። ግን ዋስትና አይሆናትም። 11ኛው ዓመት ላይ ሊጀምራት ይችላል።

የእኔዋን ልጅ ያስመዘገባት ጥቁር ሂናው ነው። እውነተኛ ሂና ቅጠል ነው፤ ዱቄቱ አረንጓዴ ሆኖ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ለመያዝ ሰዓታት ይፈልጋል፤ የሚሰጠውም ብርቱካናማና ቡናማ ቀይ ነው። ጥቁር የሚባል ሂና ተክል የለም። በደቂቃዎች ውስጥ የሚያጠቁረው የተጨመረበት ፒፒዲ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ እህቶቻችን ለዒድም ለሰርግም ይስሉታል፤ እዚህም እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለፀጉር ቀለም የሚፈቅደው ፒፒዲ ራስ ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ቆዳ ላይ ለመሳል ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። ጥቁር ሂና ውስጥ ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ተገኝቶ ያውቃል። ያውም ሳይታጠብ ቆዳ ላይ እንዲደርቅ ይተዋል።

ካርቶኑን በአጉሊ መነጽር አነበብኩት። ሁሉም እዚያ ነበር። ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ይሞከር ይላል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ አይደለም ይላል። የራስ ቆዳ ከቆሰለ አትቀቡ ይላል። ከዚህ በፊት በጥቁር ሂና ንቅሳት ተቆጥታችሁ ከሆነ አትቀቡ ይላል። በ14 ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ካርቶን ከፍቻለሁ? ጀርባውን አንብቤ አላውቅም ነበር።

በሙያችን ውስጥ በልበ ሙሉነት የምንናገራቸው ሁለት ነገሮችም ስህተት መሆናቸውን ያኔ አወቅኩ። አንደኛው «ቀይ ነው፣ ጥቁር አይደለም፣ ቀላል ነው» የሚለው ነው። ጥቁር ቀለም ውስጥ ፒፒዲ በብዛት መኖሩ እውነት ነው። ቦርዶና ጠቆር ያሉ ቀዮች ውስጥም ግን ይገኛል። ሁለተኛው «አሞኒያ የለውም» ነው። አሞኒያ የፀጉሩን ቅርፊት የሚከፍትና የሚሸት ነገር ነው። አለመኖሩ ስለ ፒፒዲ የሚነግረን ነገር የለም። «ፒፒዲ የለውም» የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት የቅርብ ዘመዱን ነው፤ በፒፒዲ ከሚቆጡ ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹን እሱም ያስቆጣቸዋል።

ቅንድብ ይቀባልን የሚሉ ልጆች ስላሉም አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍት ቀለም ነበር፤ ፒፒዲ ያለበት። ሴቶችን ዓይነ ስውር አደረገ፤ የሞተችም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ ከተገፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የፀጉር ቀለም ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ አልቀባም። ማንም ቢለምነኝ አልቀባም።

ሪላክሰሩም የበኩሉን አድርጓል። የቆሰለ ቆዳ በሩ የተከፈተ ቤት ነው። ካስኩና የጨመርኩት 10 ደቂቃም እንደዚያው።

ስለ ካንሰር የተጠየቅኩት

ወሬው ከተሰማ በኋላ ደንበኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ካንሰር ሆነ። ያነበብኩትን በአጭሩ ልናገር። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፀጉር ሥራ ላይ ለተሰማራነው ሰዎች ሥራው «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። ለራሱ ለሚቀባ ሰው ግን መረጃው ለመፈረጅ አይበቃም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ የወጣ ጥናት ቋሚ ቀለም የሚጠቀሙ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር በ9 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘ፤ በጥቁር ሴቶች ላይ ልዩነቱ 45 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሌላ ጥናት 117,200 ነርሶችን ለ36 ዓመት ተከታትሎ በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ላይ ጭማሪ አላየም። ሁለቱንም ለሚጠይቁኝ እነግራለሁ። እኔ የማየው ግን አለርጂውን ነው፤ በቀጠሮ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚመጣውን።

አሠራራችን ላይ የቀየርነው

ከዚህ በፊት «አለርጂ አለሽ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። ሁሉም «የለኝም» ይላል። ይህቺም ልጅ ብትጠየቅ «የለኝም» ትል ነበር፤ ለእሷ የሂናው ነገር አለርጂ አይደለም፣ ማሳከክ ነው። አሁን ጥያቄያችን ሌላ ነው። «ጥቁር ሂና ተስለሽ ታውቂያለሽ? ከቀለም በኋላ ራስሽን ወይም ጆሮሽን በልቶሽ ያውቃል?» ለአንዱ እንኳ አዎ ካለች አንቀባም። ሙከራም አናደርግም፤ ሙከራው ራሱ ሊጎዳት ይችላልና። ወደ ቆዳ ሐኪም እንልካታለን።

ለሌሎቹ ከ48 ሰዓት በፊት ሙከራ አለ። ከእያንዳንዱ ቀለም ጋር የሚመጣውን መመሪያ ተከትለን፣ ትንሽ ከጆሮ ኋላ ወይም ክርን ውስጥ እንቀባለን። ካሳከከ፣ ከቀላ፣ ካበጠ ቀለሙ ቀረ። ንጹሕ መሆኑ ሙሉ ዋስትና እንዳልሆነም እንነግራለን።

ይህ ገንዘብ አስወጥቶኛል፤ መደበቅ አልፈልግም። በሰርግ ሰሞን «ሁለት ቀን ጠብቂ» የተባለች ሚዜ ተነስታ ወደ ጎረቤት ፀጉር ቤት ትሄዳለች። አንዳንዷ ተሳድባ ትሄዳለች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከብደውኝ ነበር። ይረዳል ብለን ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያም አልሠራም፤ ማንም አላነበበው። የሠራው ቀጠሮ ሲያዝ በስልክ መንገር ነው። «ቀለም ከሆነ ከ3 ቀን በፊት ለ5 ደቂቃ ብቅ በይ» ስንል አብዛኞቹ ይመጣሉ።

በሪላክሰርና በቀለም መሀል ቢያንስ 2 ሳምንት እናደርጋለን። ሪላክስ በተደረገ ፀጉር ላይ ብሊች ጭራሽ ትተናል። ሰዓት የምንይዘው በካርቶኑ ነው። «ያቃጥለኛል» ያለች ደንበኛ ወዲያው ትታጠባለች፤ ታገሺ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጥቷል። ካርቶኑን ደግሞ የደንበኛዋን ቀጠሮ ቀን ጽፈንበት አንድ ወር እናስቀምጠዋለን። ያን ቅዳሜ ሐኪሙ በ2 ደቂቃ ውስጥ ያወቀው በካርቶኑ ነው።

ልጅቷ አሁን

ሐኪሙ ለሕይወቷ ሙሉ የምትይዘው አንድ ወረቀት ጽፎላታል። ፒፒዲ ያለበት ቀለም አይነካትም። ከዚያም በላይ ቤንዞኬይን የሚባለው ማደንዘዣና አንዳንድ የጨርቅ ማቅለሚያዎች ከፒፒዲ ጋር ስለሚዛመዱ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄድ ወረቀቱን እንድታሳይ ነግሯታል። በፊት ይህን ማንም አይነግራትም ነበር።

ፀጉሯ አሁን ትከሻዋ ደርሷል። ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ቀይ ፀጉር ፈለገች፤ ደነገጥኩ። በራሷ ፀጉር ላይ ምንም ሳንቀባ በቀይ ሰው ሠራሽ ፀጉር ሹሩባ ሠራሁላት። እሱንም ቀድመን ሁለት ዘለላ አንገቷ ላይ አስረን 2 ቀን ጠብቀናል። አምሮባታል። ከድሬዳዋ ንጹሕ ሂና ላምጣና ልሞክር ብላኝም ነበር። ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንደማልነካት ነገርኳት። በጥቁር ፀጉር ላይ ሂና የሚሰጠው ፀሐይ ሲመታው የሚታይ ቀላ ያለ ወዝ እንጂ ያን ቦርዶ እንዳልሆነም ነገርኳት።

ረዳቴ

ይህን ጉዳይ ስጽፍ ልተወው ያልፈለግኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቀለሙን ስትበጠብጥልኝ የነበረችው ረዳቴ 21 ዓመቷ ነው። በጣቶቿ መሀል ከዓመት በላይ የሚሰነጣጠቅና ውኃ የሚያወጣ ቁስል ነበራት። ሁላችንም ከሻምፑ ነው እንል ነበር። ማታ ማታ ቫዝሊን ትቀባዋለች። ጓንት ስጪኝ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ሰጥቻት አላውቅም።

ሐኪሙ ጋ ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩ ቀን ይዣት ሄድኩ። እጇን አገላብጦ አይቶ «ስንት ዓመት ቀለም በጠበጥሽ?» አላት። የደንበኛዬ ራስ ላይ በአንድ ቀን የታየው፣ የእሷ እጅ ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ቆይቷል።

ከቀለምና ከእጥበት አውጥቼ ሹሩባ ላይ አደረግኳት። በ2 ወር ውስጥ ጣቶቿ ገጠሙ። አንድ ቀን ሰው ሲበዛብን፣ ገና የተቀባች ደንበኛ በባዶ እጇ አጠበች፤ በማግሥቱ ተመለሰባት። ከዚያ ወዲህ ከማጠቢያው በላይ ናይትሪል ጓንት አንጠልጥዬአለሁ። ስሱ የላቴክስ ጓንት ቀለሙን እንደሚያሳልፍ ስለተነገረኝ ሁለተኛ አልገዛውም። አዲስ ልጅ ስቀጥር መቀስ ከማስያዜ በፊት እጇን ዘርግታ እንድታሳየኝ እጠይቃለሁ።